የሥራ ቀን አያቶች

የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ «ምክንያት» ለሚለው አንድ መስመር ብቻ የተተወለት በከንቱ አይመስለኝም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሠራተኛውን ያውቀዋል። ቦታ ከተገኘለት ድርሰት እንደሚጽፍ ያውቃል። በተለይ ጠያቂው የጭነት መኪና ሹፌር ከሆነ! ከሞጆ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ ሲመላለስ ከመሪው ጋር ብቻውን ሲያወጋ የሚከርም ሰው ወሬ መቼ ያንሰዋል?

ቃሊቲና ገላን አካባቢ፣ ከአንዱ የጭነት ድርጅት ስምሪት ክፍል ደጃፍ ሻይ እየጠጣ ትንሽ የቆየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ በዚያ ሰፈር አያቶች የሚሞቱት በሥራ ቀን ነው። እሑድ ያረፈ አያት አልሰማሁም። ሹፌሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ የሞተበት አያትም የለም። ሁሉም ደጎች ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ጭነቱን አራግፎ፣ ውሎ አበሉን አወራርዶ፣ ገላውን ታጥቦ እስኪጨርስ ይታገሡና በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት ያርፋሉ። የዚያኑ ዕለት ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሁለት ግቢ አለፍ ብሎ ያለው ድርጅት ሹፌሩን ለፈተና ቀጥሮታል።

ሕጉ ሲታይ ንፉግ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ስታገባ 3 የሥራ ቀን አለህ። ሚስትህ ስትወልድ 3 ቀን። የቅርብ ዘመድ ሲሞትብህም 3 የሥራ ቀን፣ ደመወዝህ ሳይነካ። ከበድ ያለ ልዩ ጉዳይ ካጋጠመህ ደግሞ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ። እንግዲህ ሕግ አውጪው ጋብቻውንም፣ ልደቱንም፣ ቀብሩንም አስቦልናል። ሠራተኛ ሌላ ሥራ ሊያይ ይችላል የሚለው ግን ትዝ ያለው አይመስልም። ጀርመኖች በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ቁጥር 629 ላይ፣ የሥራ ውሉ እንደሚቋረጥ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ አሠሪው ለሠራተኛው አዲስ ሥራ መፈለጊያ ጊዜ እንዲሰጠው ደንግገዋል። እኛ ዘንድ ይህን ጊዜ የሚሰጡት አያቶች ናቸው።

ሹፌር ደግሞ ለእንዲህ ያለው ነገር አልታደለም። የቢሮ ሰው ለቃለ መጠይቅ ሲሄድ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ «አሁን እኮ እዚህ ነበረ» አስብሎ ውልቅ ይላል። የሹፌር ወንበር ግን ከኋላው ተሳቢ አለው። እሱ የቀረ ዕለት 400 ኩንታል የሚጭን ብረት ግቢው መካከል ተገትሮ ይውላል። ረዳቱ ትርፍ ጎማው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ባለንብረቱ መስኮቱን በከፈተ ቁጥር የቆመ መኪና ሳይሆን የባንክ ብድር ነው የሚታየው። ስለዚህ «የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ብቻ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

ለቅሶውም ራሱ ቀላል ዕዳ አይደለም። አያቴ ሞቱ ብለህ ስልክ ዘግተህ መጥፋት አትችልም፤ ድርጅቱ ይነሣል። ስምሪት ኃላፊው ዝርዝር ይዘው ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ነጠላዋን ታስመጣለች፣ «ድንኳኑ የት ነው የተተከለው?» ይባላል። አንዱ ይህን አስቀድሞ አስቦ ርቀትን ተገን አደረገ አሉ፤ «ቀብሩ እዚህ አይደለም፣ ደብረ ታቦር ነው» አለ። ኃላፊው ደግ ሰው ነበሩ። «እንግዲያውስ ጥሩ ሆነ፤ ማዳበሪያ ጭነው ባሕር ዳር የሚገቡ ሁለት መኪኖች አሉን። ልጆቹ አራግፈው በዚያው ይደርሱሃል፣ ብቻህን አትሆንም» አሉት። ከቀትር በኋላ አያቲቱ ተሽሏቸው ቀና ማለታቸው ተሰማ። ግቢው ሁሉ እልል አለ፤ የተዋጣው ገንዘብም ለመጠየቂያ ይሁን ተብሎ ለልጁ በእጁ ተሰጠው።

ይህን ያዩ ብልጦች አሁን አሁን አያት መግደሉን ትተው ወደ ዓመት ፈቃድ ዞረዋል። ምክንያቱ ይገባኛል። አዲሱ ድርጅት የሙከራ ጊዜ አለው፤ ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅድለታል። በዚያ ውስጥ «አልሆንከኝም» ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ያሰናብትሃል። አሮጌው ቁልፍ ኪስ ውስጥ እያለ አዲሱን መሞከር ነው እንግዲህ። ሹፌሩ «ደክሞኛል፣ ልረፍ» ብሎ 16 ቀኑን ያስሞላል፤ ስምሪት ኃላፊውም ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ፊቱ ላይ አይተው ይፈርማሉ። ከዚያ ሰውየው በሌላ ሰው መኪና አዋሽን ተሻግሮ፣ ሚሌን አልፎ፣ ሎጊያ አድሮ ገላፊ ላይ ይሰለፋል። ማረፉ ነው።

የጅቡቲ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ለመደበቂያ ግን አይሆንም። የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚተላለፈው በዚያ በኩል ስለሆነ የሚያውቅህ ሁሉ ወይ ከፊትህ ነው፣ ወይ ከኋላህ፣ ወይ በጠባቡ አስፋልት ላይ መብራት እያበራ ሰላም እያለህ ነው። አንዱ የዕረፍት ሰው ቀትር ላይ ገላፊ ድንበር ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲለው ሽርጡን አሸርጦ፣ የአዲሱ መኪና ጥላ ሥር ጀሪካን አጋድሞ ተቀምጧል። ሻዩን አንዴ ፉት ሳይል ከኋላው አንድ ተሳቢ መጥቶ ቆመ። በሩ ላይ የገዛ ድርጅቱ ምልክት አለ። የወረደውም፣ እሱ ፈቃድ በመውጣቱ ምክንያት የእሱን ቢያጆ ደርቦ እንዲሠራ የተመደበው ባልደረባው ነው።

«ዕረፍት እንዴት ይዞሃል?» አለው ወገቡን ይዞ።

«ተመስገን። ሰው አልፎ አልፎ አየር ሲቀይር ደግ ነው።»

ገላፊ ላይ፣ በዚያ ሐሩር፣ አየር መቀየር! ባልደረባው ግን አልሳቀበትም። ዙሪያውን ቃኘት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሎ አበላቸው ስንት ነው?» ሲል ጠየቀው። ሲመለሱ ሎጊያ ላይ የፍየል ጥብሱን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል መነጋገር አላስፈለጋቸውም። ይህን ያጫወተኝ ጥብሱን የበላው ነው፤ የከፈለው እስካሁን የሚያወራው ስለ ዕረፍቱ ነው። ከወራት በኋላ የሂሳብ ሠራተኛዋ ጥብሱን የበላውም ሹፌር በጣም እንደደከመውና ፈቃድ እንደጠየቀ ነግራኛለች።

እውነቱን የሚናገር የለም ማለቴ አይደለም። አንድ ታማኝ ሰው አውቃለሁ። ቆቡን በእጁ ይዞ ባለንብረቱ ቢሮ ገባ። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ቦቴ ሊሰጡኝ ነው። ሦስት ሳምንት ፈቃድ ይስጡኝና ልሞክረው። ካልሆነልኝ እመለሳለሁ፤ መኪናዬን ብቻ ለሰው እንዳይሰጡብኝ» አላቸው። ጋሼ ለውሸት የተዘጋጀ ቁጣ ነበራቸው። ለእውነት ያዘጋጁት ግን አልነበረም፤ አፋቸውን ከፍተው ትንሽ ቆዩ።

«ለመሆኑ ሚስትህንም እንዲህ ብለህ ታስፈቅዳለህ?» አሉት በመጨረሻ።

ሰውየው ነገሩ አሽሙር መሆኑ አልገባውም። «እሷማ ፈቅዳለች ጋሼ፤ ደመወዙ ይሻላል፣ ሂድ ነው ያለችኝ።»

እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ፣ ግን አልፈርድለትም። መሄዱን መናገሩ ጨዋነት ነው፤ ከሄደበት እስክመለስ ድረስ ወንበሬን ጠብቁልኝ ማለቱ ግን ከአያቱ ሞት የባሰ ድፍረት ነው። ሦስት ሳምንት የቆመ መኪና ማን ይከፍልለታል? ጋሼም ቢሆኑ አልፈርድላቸውም። አልዋሸኝም ብለው ማመስገን ሲገባቸው በማግስቱ ወሬውን ለስምሪቱ፣ ለጥበቃው፣ ለጎሚስታው ሳይቀር አዳርሰው መሳቂያ አደረጉት። ያንን ያየ ሌላ ሹፌር ሁሉ ምን እንደተማረ መገመት አያቅትም። በዚያ ወር የሞቱት አያቶች ብዙ ነበሩ።

ቀናው መንገድ ወረቀት ላይ አለ፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ መሄድ ይችላል። ማንም አያስቀረውም። ችግሩ አዲሱ ድርጅት 30 ቀን አይጠብቅም፤ «መኪናው ቆሟል፣ ነገ ግባ» ነው የሚለው። «ነገ ግባ» ባለበት አፉ ደግሞ «መልቀቂያ አምጣ» ይላል። መልቀቂያውን ከየት? ከዚያው፣ አያትህን ቀብረህ እንደምትመለስ ከነገርከው ድርጅት። ተያዥ ሲጠይቅህም የምታውቀው ደመወዝተኛ ሁሉ ያው ባልደረባህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቁጣው ነው። ጋሼ ሹፌር በውሸት ቀረብኝ ብለው ጠረጴዛ ሲደበድቡ የሰማ ሰው ሌላውን ድርጅት ጠላት ያደረጉት ይመስለዋል። እሳቸውም እኮ ሹፌር ይቀጥራሉ። የሚቀጥሩትም ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን አይደለም፤ እሱን «ለምን ተባረረ?» ብለው ይጠረጥሩታል። የሚፈልጉት አሁን በሥራ ላይ ያለውን፣ የሰው መኪና የያዘውን ነው። ፈተና የሚቀጥሩትም በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ከግቢያቸው አንድ እንግዳ ሹፌር ቆሞ አገኘሁት። ጋሼ መንጃ ፈቃዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩ።

«አሁን የት ነው ያለኸው?»

«እዚሁ ማዶ ነኝ፤ አራተኛ ዓመቴ ነው።»

«ዛሬ ታዲያ እንዴት ለቀቁህ?»

«አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ነኝ ብያቸው ነው።»

«እግዜር ይማርህ» አሉ ጋሼ፣ ቁልፉን ከኪሳቸው እያወጡ። «በል እስቲ ያቺን ተሳቢ በኋላ ማርሽ አስገባልኝ።»