ለቀበና ወንዝ የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

ለአቶ ቀበና ወንዝ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለዳርቻዎ የማይመጥን ጠባይ ስለማሳየትዎ

እንደሚታወቀው፣ እግረኛም ብስክሌተኛም ሳይደናቀፍ የሚያልፍበት ለስላሳ መንገድ ዳርቻዎ ላይ ተነጥፎልዎታል። መብራት ቆሞልዎታል፤ ሣር ተተክሎልዎታል። ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ሲባል፣ ባለሀብቱ ለዚሁ ለተዘጋጀ አንድ እራት 5 ሚሊዮን ብር የከፈለው ለእርስዎና ለወንድሞችዎ ክብር ነበር። እርስዎ ግን እስካሁን ይሸታሉ።

ልጆቻችን ብስክሌት የሚለምዱት በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው ነው። ፎቶ አንሺውም ሙሽሮቹን ዳርዎ ላይ ያቆምና ውኃው እንዳይገባበት ካሜራውን ሽቅብ ያቀናል።

መከላከያዎን አስቀድመን ሰምተናል። «ከእንጦጦ ስነሣ ንጹሕ ነበርኩ፤ ያቆሸሸኝ ከተማው ነው» ይላሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው! እርግጥ ነው፣ የክረምቱ ዶፍ ሲወርድ ጎርፍ ይወስደዋል ብሎ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ እርስዎ የሚለቅ አለ። ከአጥር ሥር ሾልኮ እርስዎ ላይ የሚያፈስ ቱቦም ሞልቷል። ታዲያ የመጣውን ሁሉ ተቀበል ያለዎት ማን ነው? ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቆሻሻውን ይዞ እጅ ከፍንጅ የተገኘው ግን እርስዎ ነዎት።

ዳርዎ ላይ በቆርቆሮ ቤት ይኖሩ የነበሩት ሲነሡ፣ ቆሻሻው አብሯቸው የሚነሣ መስሎን ነበር። ሰዎቹ ሄዱ፤ ሽታው ግን ካሣም ምትክ ቦታም ሳይጠይቅ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ የፎቆቹን ቱቦ ያየ የለም። መንገዱም የተሠራው ፊት ለፊት እያዩ እንዲሄዱበት ነው።

በአንድ በኩል ግን ምስጋና ይገባዎታል። ወርደው ከአቃቂ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ጎመኑና ሰላጣው ያንኑ ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ ተጭኖ ወደ ገበያችን ይመጣል። የሰጠንዎትን ምንም ሳያጎድሉ እየመለሱልን ነው። እንዲህ ያለ ታማኝ ከሰውም አይገኝ።

ስለዚህ እስከሚመጣው ሐምሌ ጠባይዎን እንዲያርሙ እያሳሰብን፣ ይህ ካልሆነ ግን እርስዎን በኮንክሪት ከድነን «የወንዝ ዳርቻ መንገድ» የሚለውን ሰሌዳ ባለበት ለማቆየት የምንገደድ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የዳርቻው እግረኞችና ብስክሌተኞች

ግልባጭ፦
ለአባ ሳሙኤል ግድብ (እርስዎ ይዘውለት ይወርዳሉ)
ለአዋሽ ወንዝ፣ ለመረጃ ያህል
ዝናብ ጠብቀው ጉድጓድ ለሚከፍቱ ጎረቤቶቻችን፣ ቤታቸውን ስለምናውቀው በእጅ ይሰጣል