በ16 ዓመት በቶሎ መግዘፍ፦ ለወጣቱ የራግቢ ተጫዋች ምክር

ልጄ፣ ጆሃንስበርግ ያለ አንድ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ራግቢ ስለምትጫወትለት ነፃ ትምህርትና መኝታ እንደሰጠህ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለህ! በከተማዋ ጄፒ ሰፈር ሱቁ ውስጥ ቆሞ የሚውለው አባትህም ከአንድ ወጪ ተገላገለ። እንግዲህ የምነግርህን በእርጋታ አንብብ፤ ሁሉም ለአንተው ጥቅም ነው።

አንደኛ፣ ግዘፍ። አጥንትህ ገና እያደገ ነው፤ እስኪጨርስ አትጠብቀው። ከፊትህ የሚቆመው ልጅ እንደ አንተው 16 ዓመቱ ነው፤ ክብደቱ ግን 110 ኪሎ ነው። እሱም የገዘፈው አንተ እንዳትቀድመው ፈርቶ ነው። ስለዚህ ጨምር። መጨመርህን ሲሰማ ይጨምራል። አንተም ጨምር። ከ19 ዓመት በታች በሚደረግ ጨዋታ ስምንት ልጆች ከስምንት ልጆች ጋር ተቆላልፈው የሚገፋፉበት ስክረም ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ መሄድ የለበትም። ሕጉ አሳቢ ነው። የሚለካው ግን ርቀቱን እንጂ አንገትህ ላይ የሚያርፈውን ኪሎ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ብላ። አሰልጣኙ በቀን ስድስት ጊዜ ይላል። ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚገባው ልክ በቅድመ ውድድር ዝግጅት ላይ ነው፤ እናትህ 55 ቀን ትልሃለች። ከሁለቱ ጋር አትጣላ። ለእናትህ ሽሮውን ብላላት፤ እንቁላሉን መኝታ ክፍልህ ትደርስበታለህ።

ሦስተኛው ጉዳይ ስስ ነው። እኔ ስቴሮይድ ውሰድ አልልህም። ማንም አይልህም። አሰልጣኙ የሚልህ «ከእረፍት ስትመለስ ስምንት ኪሎ ጨምረህ ና» ብቻ ነው። በምን እንደምትጨምር አይጠይቅህም፤ በግል ሕይወትህ ጣልቃ መግባት አይወድም። ጨምረህ ስትመጣ «ጎበዝ» ይልሃል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በሚካሄደው የትምህርት ቤት ልጆች ትልቁ ውድድር፣ በክሬቨን ሳምንት፣ አበረታች ቅመም የተገኘባቸው ልጆች አሉ። እስከ አራት ዓመት ያሳግዳል። ልጁ ይታገዳል፤ አሰልጣኙ በጣም ያዝናል። ቅመሙ የልጅን አጥንት ማደጊያ ያለጊዜው ሊዘጋውም ይችላል። አትደንግጥ። ቁመትህ ካልጨመረ የደንብ ልብስ በየዓመቱ መግዛት ይቀርልሃል።

አሁን ወደ ጭንቅላትህ እንምጣ። እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ዓመቱ ሲጀምር የማስታወስ ችሎታህን ይፈትኑሃል። በኋላ አንጎልህ ሲናወጥ ውጤትህን ከዚህ ጋር ያነጻጽሩታል። ስለዚህ በደህናው ቀን ደነዝ ሁን። የሚነግሩህን ቃላት ግማሹን እርሳ። ያኔ ስትመታም ስትድንም አንድ ዓይነት ውጤት ታመጣለህ፤ ሐኪሙም ጤነኛ ነህ ይልሃል። ወራትን ከዲሴምበር ጀምረህ ወደ ኋላ ጥራ ትባላለህ፤ ይህን በደንብ ተለማመደው። ጳጉሜን ከጨመርክ ተናውጧል ብለው ያስወጡሃል።

ሜዳ ላይ ስትወድቅ የሚቀርቡልህ ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ዛሬ የት ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ላይ ያስቆጠረው ማን ነው? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ? የመጀመሪያውንና የመጨረሻዎቹን ሁለት መልሶች አርብ ማታ የእጅህ ፋሻ ላይ ጻፋቸው። አጋማሹን ብርቱካን በልተህ እንደሆነ አስታውሰህ ታውቀዋለህ። ያስቆጠረውን ጓደኛህ ይንገርህ። ጓደኛህም የት እንዳለ የማያውቅ ከሆነ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት መልስ ስጡ፤ ዋናው አንድነት ነው።

እውነቱን ከተናገርክ ሦስት ሳምንት ገደማ ያሳርፉሃል። የቀንደኛው ባላንጣችሁ ጨዋታ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ የቀድሞ ተማሪዎችም ኮታቸውን ለብሰው ይመጣሉ። አባትህም ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ሕጉን ባያውቀውም «በለው!» ማለት ያውቃል። ይህን ሁሉ ሰው ለራስ ምታት ብለህ አታሳዝን። የአልጀብራ ፊደላት ሰኞ ዕለት ቢደራረቡብህ አንዱን ዓይን ጨፍነህ አንብብ።

ስለ ወደፊትህ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ሲያ ኮሊሲን ጥራለት። ዝዊዴ ከሚባል ሰፈር ተነስቶ በነፃ የትምህርት ዕድል ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን የስፕሪንግቦክስ የመጀመሪያው ጥቁር የቴስት (የአገር ለአገር ጨዋታ) አምበል ሆነ፤ በ2019 እና በ2023 የዓለም ዋንጫ አነሳ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሰውየው የሌሎቹን ልጆች ስም ከጠየቀህ ግን ወሬ ቀይር። ብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታ ሲጀምር የሚያሰልፈው 15 ሰው ነው፤ በክሬቨን ሳምንት በየዓመቱ የሚጫወቱት ብዙ መቶ ናቸው። ስሌቱን ለሒሳብ መምህርህ አታቅርብለት። እሱ የሁለተኛው ቡድን አሰልጣኝ ነው።

ጉልበትህ ውስጥ ያለው ጅማት ከተበጠሰ አትማረር። ቀዶ ሕክምና አለ፤ ከዚያ ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ማገገም ነው። በዚህ መሃል የተቀበልከውን ደብዳቤ አውጥተህ እንደገና አንብበው። ዕድሉ በየዓመቱ «እንደ ብቃቱ» እንደሚታደስ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። የ13 ዓመት ልጆችም የራሳቸው ክሬቨን ሳምንት አላቸው፤ ትምህርት ቤቱ እዚያ አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው ልጅ አይቷል። እሱም አልጋ ያስፈልገዋል። በክራንች ሻንጣ መጎተት ስለሚያስቸግር ዕቃህን ቀደም ብለህ አውርድ። ማልያው የትምህርት ቤቱ ነው፤ አጥበህ መልስ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክበህ ፈርም። ከጠፋብህ አባትህ ይከፍላል።