ባዶ እግር በዶላር

ጫማው አምስት ጣት አለው። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ሰው ሁሉ ፊቴን ትቶ የሚያየው እሱን ነውና። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት የላከችልኝ። ለእያንዳንዱ ጣት የየራሱ ክፍል ተሰፍቶለታል፤ ተረከዙ ከፊቱ እኩል ነው፤ ሶሉ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። እግርን ፈጣሪ ሲሠራው አስቦበታልና አርፋችሁ ተዉት ነው ነገሩ። ዋጋው ግን ከመቶ ዶላር በላይ ነው። ጫማ በቀነሰ ቁጥር ዋጋው ለምን እንደሚጨምር የሚያስረዳኝ ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም።

ማጥለቁ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አውራ ጣት ገር ነው፤ እንዳሳዩት ይገባል። መካከለኞቹ ትንሽ ይጋፋሉ። ትንሿ ጣት ግን፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሹል ጫማ ጥግ ተኮራምታ የኖረች ምስኪን፣ የራስሽ ክፍል ይኸው ስትባል አታምንም። ከጎረቤቷ ጋር ተጣብቃ አንድ ክፍል ለሁለት ሊገቡ ይታገላሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ስለያያቸው ያዩኝ አሮጊት፣ ስግደት ላይ ያለሁ መስሏቸው «የልብህን ይሙላልህ» ብለው አለፉ።

እናቴ ጎጃም ነው ያደገችው። ጫማውን አገላብጣ አየችና፣ «እኔ ከባዶ እግር ለመውጣት ስንት ዘመን ፈጀብኝ፤ አንተ በዶላር ትመለስበታለህ?» አለች። ልጅ ሳለች ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሙጀሌ በመርፌ ይወጣላት ነበር። ሙግቷም እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በደጋው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድን ሰው የሚይዝ የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ ትንኝ የለበትም፣ መነሻው አፈሩ ነው፣ መከላከያው ደግሞ ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ። ይህን ያየች ሴት ፊት ስለ እግር ነፃነት ማስተማር ድፍረት ይጠይቃል።

እጅ ላለመስጠት አበበ ቢቂላን ጠራሁ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ።

«ቶኪዮስ?» አለችኝ።

ቶኪዮ ላይ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሦስት ደቂቃ ፈጠነ ማለት ነው። የዚህ ጫማ ወዳጆች ሮምን ሲያወድሱ ውለው ቶኪዮ ሲደርሱ ሳል የሚይዛቸው ወደው አይደለም። ጣታሙን ጫማ ያስፋፋው የጣሊያኑ ቪብራም አንዱን ሞዴል «ቢኪላ» ብሎት ነበር፤ የአበበ ቤተሰቦች ያለፈቃዳችን ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱት። በዋዜማው ዓመትም ኩባንያው፣ ጫማው የእግር ጡንቻ ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል ማለቱ በቂ ማስረጃ የለውም ተብሎ በቀረበበት ክስ፣ ጥፋቱን ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ታርቋል። ይቺን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ታዲያ ለምን ታደርገዋለህ የሚለኝ ሰው እንጦጦ ድረስ ይከተለኝ። ከሽሮ ሜዳ በላይ አስፋልቱን ትቶ ጫካው ውስጥ ሲገባ፣ በወፍራም ሶል የተመላለስኩበት መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ፍሬ ውስጥ እግር ላይ ስታርፍ ጠርዞቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ጥላ ሥር ያለው አፈር ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይ ያገኘው ይሞቃል። ተረከዝን እንዳሻው መጣል ስለማይቻል እርምጃ ያጥራል፣ አረጋገጥም ይለዝባል። ጣጣው ማግስቱን ነው። ከፍ ባለ ተረከዝ የኖረ ባት በአንድ ቀን ልዘርጋህ ሲሉት ያኮርፋል፤ ደረጃ የሚወረደው በጎን ነው። ለጀማሪ ቤት ውስጥ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ ማለማመድ ይሻላል።

እዚያው ዳገቱ ላይ ሳቃስት፣ እንጨት የተሸከሙ እናት በኮንጎ ጫማ ቁልቁል እየገሰገሱ መጡ። እግሬን አይተው ቆሙ።

«እኔን ልጄ! ተቃጥለህ ነው?»

«ጫማ ነው እማማ።»

«ጫማ? እኔስ ሐኪም የጠቀለለልህ መስሎኝ» አሉና ሸክማቸውን አስተካክለው፣ «ብቻ እግዜር ይማርህ» ብለው ወረዱ።

ከተማ ውስጥ ፍቅራችን ይቀዘቅዛል። ኮብልስቶኑ እያንዳንዷን ድንጋይ ያስተዋውቀኛል፤ ክረምት ላይ ጭቃው በየጣቱ መሃል ገብቶ ይደርቃል። የሰፈሬ ሊስትሮ መጀመሪያ ቀን እግሬን ሳጥኑ ላይ ሳወጣ፣ ብሩሹን አንጠልጥሎ ትክ ብሎ አየው። ቀለም እንደማይቀባ ገባው። ከሳጥኑ ሥር አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጣ፣ አራግፎ አየው፣ መልሶ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሒሳቡ በጫማ ነው በጣት?»

ተከራክረን ተከራክረን፣ አውራ ጣቶቹን በሙሉ ዋጋ፣ የቀሩትን በግማሽ ተስማማን።