ውዳሴ ቆርኪ

የእህቴ ልጅ ዳቦ ግዛ ተብሎ ሲላክ ለስላሳ ይዞ መመለስ ጀምሯል። ስቆጣው «ጋሼ፣ ቆርኪው ሥር እኮ ሞተር ሳይክል አለ!» ይለኛል። ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሞተሩን ማን እንደሚነዳው እንጃ።

ኩባንያዎቹን ግን አላማም። ውለታቸው ብዙ ነው። የባለሱቁን ግድግዳ በነፃ ቀብተውለታል፤ የሱ ስም ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል ሰፍሯል። በ2011 ዓ.ም. ቢራ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ማስታወቂያ ሲባረር፣ ለስላሳው እንደ ጨዋ ልጅ ሳሎናችን ቀረ። ታማሚ ልንጠይቅ ስንሄድም እሱኑ አንጠልጥለን ነው።

ቅር የሚለኝ ሽልማቱ አርቆ አለማሰቡ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው የቀኑ የተጨመረ ስኳር በጠቅላላ ከ25 ግራም ባያልፍ ይመረጣል ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቆርኪ ሲፍቅ የኖረ ታማኝ ደንበኛ፣ የእግሩ ቁስል አልድን ብሎት ሞተር ሳይክል ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ከቆርኪው ሥር «የአንድ ወር ኢንሱሊን» ይጻፍልን። ማጽናኛው ዕጣ ጥርስ ማስነቀያ ይሁን። አንደኛው ዕጣ የኩላሊት እጥበት ነው፤ ለአንድ ዓመት፣ በሳምንት ሦስቴ፣ የአስታማሚ ትራንስፖርት ጭምር። ዕጣው በቴሌቪዥን በቀጥታ ይውጣ፤ ዝነኛ ዘፋኝም መርፌውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያስረክብ። ለልዩ ዕጣ ደግሞ ግራና ቀኝ ኩላሊት የታተመባቸው ቆርኪዎች ይገጣጠሙ። ቀኙ በየመንገዱ ይረገጣል፤ ግራው በአገር አይገኝም። መርካቶ ደላላ ይነሣበታል።

«ግራ አለህ?»

«ለጊዜው ቀኝ ነው ያለኝ። ጨመር አርግና ላፈላልግልህ።»

የስኳር በሽታ ከጠርሙስ ብቻ አይመጣም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አይመጣም። ለሰባት ዓመት ልጅ ስኳር በዕጣ አባብሎ መሸጥ ግን ነውር ነው። ማስታወቂያውን የሠራውም፣ ያስተላለፈውም፣ ዝም ብሎ ያየውም ይፈር።

ይቅርታ፣ ስለ ዕጣው ነበር የማወራው። ዕድለኞች መታወቂያቸውንና ባዶ ጠርሙሳቸውን ይዘው ይቅረቡ፤ ጠርሙሱ ተመላሽ ነው።