ጃርት የናቀው

ከየካ ሚካኤል ወደ ዋሻ ሚካኤል በሚያወጣው ዳገት ላይ ቤት ያለው ሰው፣ አበባ ሲተክል ድግስ እየደገሰ መሆኑን ይወቀው። ቀን ጦጣ፣ ማታ ጃርት፣ ሊነጋ ሲል ድኩላ። ድኩላው እንኳ ጨዋ ነው፤ የጽጌረዳዬን ለጋ ለጋ ቀንጥቦ፣ እሾሁን ለባለቤቱ ትቶ ይሄዳል።

ሰዉ በባሕር ዛፍ ያመካኛል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ እንጦጦን ሲወርስ ከሥሩ ብዙ ነገር አላበቀለም። የራሱን ቅጠልማ ከነዚያ ዘይቱ ማን ደፍሮ ይበላዋል? በላተኛው ኮዋላ እዚያው አገሩ ቀርቷል። (አብሮ አለመምጣቱ ደግ ነው፤ የሱንም ቀለብ እኔ እችለው ነበር።)

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጠው ልጅ መከራዬን ሰምቶ ሲያበቃ ነጯን ካላ አነሳልኝ። «ይቺን ይውሰዱ ጋሼ፤ አፍ ታቃጥላለች። አውሬ ዝር አይልባትም።» አልዋሸም። ካላ ከቅጠሏ እስከ ሥሯ ምላስና ከንፈር የሚወጉ ረቂቅ ክሪስታሎች አሏት። በአጥሩ ዙሪያ ደረደርኳት፤ ስታብብ ግቢው ሰርግ ቤት መሰለ። አንድ ጠዋት ብነሳ ሁሉም ተጋድመዋል። አበባው አልተነካም፣ ቅጠሉ አልተነካም፤ ወፍራሙ ሥር ብቻ የለም። ለካ በትውልድ አገሯ በደቡብ አፍሪካም ካላ የጃርት ቀለብ ኖራለች።

ማታ ባትሪ ይዤ አደፈጥኩ። መጣ፤ እሾሁን እያንኮሻኮሸ፣ ማንንም ሳይፈራ። «እንዳይጠጉት ጋሼ፣ ይወረውርብዎታል!» ብሎ ጮኸ የሰፈሩ ጥበቃ። ጃርት እሾሁን አይወረውርም፤ ጀርባውን ሰጥቶ የኋሊት እየገፋ ነው የሚወጋው። ይህን በጨለማ ቆሞ ማስረዳት ግን አይመችም። ሁለታችንም ሮጥን። ጃርቱ እራቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የገባኝ፣ የአበባውን መልክ ትቶ ሽታውንና ምሬቱን መምረጥ ነው። የጥብስ ቅጠል ተከልኩ፤ ሰማያዊ አበባዋ ቀላል አይደለም። ቢጫ የምታብበውን ጤና አዳም ጨመርኩ፤ ዳማከሴም። ጦጣዋ አንዷን ቅጠል ቀምሳ ወረወረችልኝ። ድኩላ አሽትቶ አለፈ። ጃርትም ሥራቸውን አልቆፈረም።

ደስታዬ አልቆየም፤ ከአውሬ የተረፈው ሁሉ የሰው ሲሳይ ነው። ጎረቤታችን እማማ ጀበና ከመጣዳቸው በፊት ጤና አዳሜን ይጎበኛሉ። «ቅንጥብ ብቻ፣ ለቡና» ይላሉ፤ ቡናው ግን በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ቅንጥቡም እንዲሁ። ምች የመታው የሰፈር ልጅ ሁሉ ዳማከሴ ፍለጋ በሬን ያንኳኳል። የፋሲካ ለት የጥብስ ቅጠሌ ምን እንደሆነች አልናገርም። ድኩላ ቢሆን ድንጋይ አነሳለሁ፤ እማማን ምን እላቸዋለሁ?

አሁን አጥሩ ሥር ኮሸሽላ ተክያለሁ፤ ያንን ቅጠሉ የሚዋጋውን፣ እንደ ፍም የሚቀላውን። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም፤ ወፎች ማሩን ሊጠጡ ይመጣሉ እንጂ ሌላ የሚደፍረው የለም። እማማ ትናንት አጠገቡ ቆመው አዩት።

«ለምን ይሆናል ይሄ?»

«ለማየት ነው እማማ።»

«ለማየት ብቻ?» አሉና ወደ ጤና አዳሙ ዞሩ።