የኮሪደሩ ፕሪንተር

ጅግጅጋ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ማህተሙ የሚያድረው ካዝና ውስጥ ነው። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ፣ ሁላችንም «ኤዶ» የምንላቸው፣ ቁልፉን ምሳ ሲበሉ እንኳ ከአንገታቸው አያወልቁትም። ማህተሙ የሚያርፍበትን ደብዳቤ የሚያትመው ፕሪንተር ግን ኮሪደር ላይ ተገትሯል። ሁሉም ክፍል በኔትዎርክ ያዝዘዋል፤ የይለፍ ቃል የለው፣ ጠባቂ የለው። ማን ደመወዙ እንደተቆረጠ፣ ማን ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈበት ባለጉዳዩ ከሠራተኛው ቀድሞ ያነባል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ግማሹ ቢሮ በርጫ ላይ ሳለ፣ ለአንድ እርዳታ ድርጅት የጻፍኩትን የሥራ ማመልከቻ ላትም አዘዝኩ። (ጅግጅጋ ውስጥ ለድርጅት አመልክቶ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ጡረታው የደረሰ ነው።) ማሽኑ አንዴ አጉረመረመና መብራት ሄደ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም፤ በማግስቱ በጠዋት ለመስክ ሥራ ወደ ቀብሪበያህ ወጣሁ።

ማመልከቻዬ ግን ሰርቨሩ ላይ ወረፋ ይዞ ነበር። መብራት ሲመለስ ማንም ሳይጠይቀው ታተመ።

«ዋላል፣ እሱ እኮ ኮምፒውተር ነው» አለኝ አይቲያችን በኋላ። «ፖርት 9100 ክፍት ከሆነና ኢንተርኔት ላይ ከተጋለጠ ብራዚል ያለ ሰውም ያዝዘዋል።» እውነቱን ነው። በፈረንጆቹ 2018 ማብቂያ አንድ ሰርሳሪ በዚሁ በር ገብቶ፣ እሱ እንዳለው 50,000 ያህል ፕሪንተሮች ላይ ለሚወደው ዩቲዩበር የቅስቀሳ ወረቀት አሳትሟል። «ታዲያ ለምን የይለፍ ቃል አታደርግለትም?» ብለው «ከዚያ ቀንና ሌሊት የሚደወለው ለማን ነው?» አለኝ።

የእኛው ሳይጠሩት ሲናገር የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ፕሪንተር ደግሞ ዝም ብሎ ነበር ጉድ የሠራቸው። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2016 ሌቦች ኒውዮርክ ካለው የባንኩ ሂሳብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊያዘዋውሩ ትእዛዝ ሲልኩ፣ የዝውውሩን ማረጋገጫ የሚያትመውን ማሽን አስቀድመው አፉን ዘግተውታል። ሠራተኞቹ የተለመደ ብልሽት መሰላቸው። ቢፈረድባቸው ግፍ ነው፤ የተበላሸ ፕሪንተር አይቶ ሌባ የሚጠረጥር ማን አለ? 81 ሚሊዮኑ ፊሊፒንስ ገባ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ማሽኑ ላይ የተገኘ ወረቀት ሁሉ «ለፊርማ» በሚለው ፎልደር ተጠርዞ ለአለቃችን ይቀርባል። አለቃችን ለስብሰባ ሲጣደፉ የሚፈርሙት ሳያነቡ ነው። ኤዶም ፊርማውን አይተው፣ ካዝናውን ከፍተው፣ ማህተሙን አሳርፈው፣ የወጪ ቁጥር ሰጥተው ማመልከቻዬን በመልእክተኛ ላኩት።

ከቀብሪበያህ ስመለስ ከድርጅቱ ተደወለልኝ። «መሥሪያ ቤትዎ በማህተም የደገፈዎት አመልካች እርስዎ ብቻ ነዎት» ብለው ለፈተና ጠሩኝ። ፈተናው የሥራ ቀን ላይ ስለዋለ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ «የመሥሪያ ቤት ጉዳይ» ብዬ ሞላሁት።