የበቅሎዋ ጀርባ

እንስሳት የራሳቸው ገበያ በነበራቸው ዘመን፣ እንደ ዛሬው የባቲ ሰኞ ገበያ ደገኛና ቆለኛ በሚገናኝበት ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ዋርካው ላይ በቀቀን ተቀምጣለች። የገዛም ያልገዛም ከሥር ቆሞ «የእገሌ ማር ንጹሕ ነው»፣ «የእገሌ አሞሌ ሳይደርስ ተሸራርፎ ያልቃል» ካለ፣ እሷ ቃል በቃል ይዛ ለመጪው ገበያተኛ ሁሉ ትደግምለታለች። ማን እንዳለው አትጠይቅም፤ እውነት ይሁን ውሸትም አይገዳትም። ሥራዋ መድገም ነው፤ ለዚያም ከየሻጩ ጥሬ ይሰፈርላታል።

በገበያው ኮርቻ የሚሸጡት ሁለት ነበሩ። ኤሊ ዋንዛ ጠርባ፣ ጠፍር ወጥራ፣ መደላድሉን በሱፍ ሞልታ አንድ ኮርቻ እስክትጨርስ ክረምት ይወጣል። ቀበሮ በሳምንት ሰባት ያወጣል፤ እንጨቱ እርጥብ፣ ቆዳው ያልለፋ፣ መደላድሉ ገለባ። ከላይ ግን ቀይ ከፋይ ያለብሰዋል። ቀበሮ ጦጣዎቹን ሰብስቦ እፍኝ እፍኝ ቆሎ አደላቸው። በማግስቱ ዋርካው ሥር ተሰልፈው «የቀበሮ ኮርቻ ወደር የለውም! የኤሊ ይቆረቁራል!» ሲሉ ዋሉ። ከመካከላቸው ኮርቻ ላይ የተቀመጠች ቀርቶ ኮርቻ በእጇ የነካች አንዲት አልነበረችም።

በጦጣ ብቻ አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ደልዊች በሚባል ሰፈር አንድ ጸሐፊ የሚኖርበትን የጓሮ ጎጆ ምግብ ቤት ነው ብሎ ትሪፕአድቫይዘር ላይ አስመዘገበ። ወዳጆቹ የሐሰት ምስጋና አዘነቡለት። ጎጆው አንድ ሳህን ሳይቀርብበት ከለንደን ምግብ ቤቶች ሁሉ አንደኛ ለመባል በቃ።

ወደ ገበያችን እንመለስ። የቀበሮ ኮርቻ ብዙ ጀርባ አቆሰለ። ጩኸቱ ሲበረታ አያ አንበሳ አዋጅ አስነገረ፦ «ከዛሬ ወዲያ ገዝቶ ባለቤት ያልሆነ አይመስክር! ሻጭ ለገዢ የወይራ ቅጠል ይስጥ፤ ቅጠል ያልያዘ ዋርካው ሥር ድርሽ አይበል!» እልልታው ቀለጠ። እኔም እዚያ ብኖር እል ነበር፤ አዋጁ ሲሰሙት ፍትሕ ፍትሕ ይላል።

ቀበሮ አንድ ሌሊት አስቦ አደረ። ሲነጋ ለጦጣዎቹ አሞሌ አከፋፈለ። ቀን በአደባባይ ገዙ፣ ቅጠላቸውን ተቀበሉ፤ ማታ ኮርቻውን በጓሮ መልሰው ቆሎአቸውን ወሰዱ። አሁን ሕጋዊ ባለቤቶች ናቸው፤ ማን ይናገራቸው? አማዞንም «የተረጋገጠ ግዢ» የሚል ምልክት አለው፤ ቢሆንም ለገዢው ገንዘቡን በጎን እየመለሱ ምስጋና የሚያስጽፉ ሻጮች አልጠፉም።

ፈረስ መጣ። ኮርቻውን ሊገዛ ሄዶ፣ ቆዳው ስለከረፋው ትቶ የተመለሰ ነው። «ገዝተሃል?» አሉት። «ከርፍቶኝ እንዴት እገዛለሁ?» «እንግዲያው ዝም በል።» ኤሊም ተጎዳች። የእሷን ኮርቻ የገዛ ዕድሜ ልኩን ሌላ አያሻውምና፣ ገዢዎቿ ቅጠል ከመታሰቡ በፊት የገዙ ሽማግሎች ናቸው።

ከሁሉ የባሰው ግን የአያ ጅቦ ጉዳይ ነው። አያ ጅቦ በቅሎ ነበረችው። (እንዴት ሳይበላት ቆየ ለምትሉ፣ እሱ ሌላ ተረት ነው።) የቀበሮን ኮርቻ በአርባ አሞሌ ገዝቶ ዋርካው ሥር ቆመና «ተቀመጥኩበት፤ ተመቸኝ፤ ጌታ አስመሰለኝ» አለ። አልዋሸም፤ ከፋዩ ለመቀመጫ ይመቻል። ደግሞስ አርባ አሞሌ ከፍሎ ሲያበቃ በገበያ መካከል «ተሞኘሁ» የሚል ጅብ የት ይገኛል?

«እኔም ልመስክር» አለች ከኋላው እመት በቅሎ።

«ቅጠልሽስ?» አለ በር ጠባቂው ጃርት።

«ቅጠል የለኝም። ቁስል ነው ያለኝ።» ዘንበል ብላ ጀርባዋን አሳየችው። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ተገጥቧል፤ ዝንብ ወሮታል።

«ኮርቻውን ገዝተሽዋል?»

«እሱ ገዛው፣ እኔ ተሸከምኩት።»

ጃርት አሰበ፣ አሰበና «አዋጁ ስለ ተሸካሚ የሚለው የለም» አላት።

ነገሩ ዳኛው አባ ፍየል ዘንድ ደረሰ። አባ ፍየል ጺሙን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ ባለ ቅጠል ሁሉ ቅጠሉን ለምርመራ እንዲያቀርብ አዘዘ። የጦጣዎቹ ክምር፣ የአያ ጅቦም አንድ ቅጠል ፊቱ ተደረደረ። ዳኛው አንዱን አገላብጦ አየ። አሸተተ። ቀመሰ። ሸንጎው «ኧረ ዳኛ!» እስኪል ድረስ ማስረጃው በሙሉ አልቆ ነበር።

ከሀፍረት ይሁን ከብልሃት፣ ፍየል ነውና አይታወቅም፣ አባ ፍየል ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦ «እንግዲህ ቅጠል ከሌለ መጠየቅ ነው። ሁላችሁም የምትናገሩትን በምን እንዳወቃችሁት ተናገሩ። ማን ምን እንዳበላችሁም ጨምሩ።»

መጀመሪያ ጦጢትን ጠራ። «የኮርቻው የሆድ ማሰሪያ በየት በኩል ያልፋል?» ጦጢት ቀበሮን አየች። ቀበሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። «በ… በጆሮ በኩል» አለች። ፈረስ ተንከትክቶ ሳቀና ተራው ሲደርስ «አሽትቼ ተውኩት» አለ፤ ተያዘለት። የአያ ጅቦም «ተቀምጬበት» ተያዘ። የበቅሎዋም «ተሸክሜው» ተያዘ። በቀቀንም ከቃሉ በፊት ተናጋሪው በምን እንዳወቀው እንድትናገር ታዘዘች። አልወደደችውም፤ የምትይዘው ረዘመ፣ ጥሬው ግን ያው ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሐሰተኛ ምስክርነት ደንብ ሲያወጣም ባለቤትነትን አልጠየቀም፤ ከከለከላቸው አንዱ ዕቃውን ሳያውቁት እንደሚያውቁት ሆኖ መመስከር ነው። ለዚህ ደንብ ከአያ አንበሳ አዋጅ ይልቅ የአባ ፍየል ሆድ ይቀርበዋል።

በማግስቱ አያ ጅቦ እየፎከረ ከተፍ አለ። በቀቀን «በቅሎ፣ ተሸክማው፦ ጀርባ ይልጣል! ጅብ፣ ተቀምጦበት፦ ይመቻል!» እያለች ስታስተጋባ ሰምቷል።

«በቅሎዋ የማን ናት?» ሲል ጠየቀ።

«ያንተ» አለ አባ ፍየል።

«ጀርባዋስ?»

«እሱም ያንተ ነው በለው።»

«እንግዲያው ቁስሉም የኔ ነው! እኔ ሳልፈቅድ ስለ ቁስሌ ማንም አይናገር!»

አባ ፍየል አልተከራከረውም። «እውነትህን ነው፤ ባለቤቱ እያለ ሌላ መናገር አልነበረበትም። በል ጎንበስ በል፤ ኮርቻውን እንጫንህና ቀበሮን ተሸክመህ ገበያውን እስኪመሽ ዙርበት። ማታ ቃልህን እንቀበላለን።»

በቅሎዋ ጠፍሩን ለማስፈታት ጎኗን ስትሰጥ፣ አያ ጅቦ ከወንዙ ማዶ ለቅሶ እንዳለበት ትዝ አለው። ቀበሮም ሟቹ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ «አይ፣ እሱን የመሰለ ደግ!» እያለ ተከተለው።